የሌስሊ ፓርጌተር ማሽን

በርሚንግሃም ውስጥ ጊታር የነካ ሁሉ ሌስሊ ፓርጌተርን ያውቅ ነበር። ከዘፋኙ ከክሊፎርድና ከከበሮ መቺው ከኖርማን ጋር አሥር ዓመት ተጫውቷል። እንደ ፈረንጆቹ በ1973 የካቲት ላይ ግን ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ቁም ሣጥን የሚያክል ሲንተሳይዘር፣ ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ማሽን፣ አስመጣ። ፊቱን ማዞሪያ ሞልቶታል፤ መሀል ላይ ከድምፁ ጋር መርፌ የሚወዛወዝባቸው መለኪያዎች፣ ከሥር ደግሞ እንደ ፒያኖ ያሉ ቁልፎች አሉት። በከተማው ያለ ጊታር ተጫዋች እንዲህ ያለ ነገር ነክቶ አያውቅም።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ ክሊፎርድ።

«ድምፅ ነዋ» አለ ሌስሊ። «ቫዮሊን በለው፣ መለከት በለው፣ ንፋስ በለው፤ የሌለበት የለም።»

«ከበሮስ?» አለ ኖርማን እየሳቀ።

ሌስሊ ጀርባውን ሰጥቶ ገመድ ይሰካ ነበር። አልመለሰለትም። ከዚያ በኋላ ኖርማንም ብዙ አልሳቀም።

የሚለማመዱት በአንድ አሮጌ የጸሎት ቤት አዳራሽ ነው። ሌስሊ ከሁሉ ቀድሞ ይገባል። የትኛው ማዞሪያ የት ሲቆም ምን ድምፅ እንደሚወጣ በደብተር ይጽፋል፤ ደብተሩን ለማንም አያሳይም። ለአንዱ ዘፈን ጊታር የግድ ሲሆን ሳጥኑን በእግሩ ወደ ክሊፎርድ ይገፋዋል።

«ቃኝልኝ።»

«የራስህን ጊታር?»

«እጄ ሥራ ይዟል።»

ክሊፎርድ ከንፈሩን ነክሶ ይቃኝለታል።

ሐሙስ ሐሙስ ሌስሊ በባቡር ለንደን ይሄዳል። ለምን እንደሚሄድ ትንፍሽ አይልም። ሻይ እየጠጡ ሲያወሩት ፊታቸው ላይ እንደ መርማሪ ፖሊስ ያፈጣል፤ የሚመልሰው ግን «እሺ» ብቻ ነው።

በግንቦት አንድ ቀን ክሊፎርድና ኖርማን መጠጥ ቤት ተቀምጠው ምሳ በሉ። ድንቹ ቀዝቅዞ ነበር።

«ብቻውን ሸክላ ሊያሳትም ነው» አለ ክሊፎርድ። «ለንደን የሚመላለሰው ለሱ ነው። ማሽኑ እኔንም አንተንም ይተካል።»

«ሌስሊ? ሌስሊማ እንዲህ አያደርግም።»

«ትናንት ምቱ ሲጠፋብህ ምን አለህ?»

ኖርማን አሰበ። «ምንም።»

«ድሮስ?»

«ድሮማ ዱላዬን ነጥቆ በመስኮት ይወረውረው ነበር።»

«አየህ። ለሚያሰናብተው ሰው ማን ይቆጣል?»

ኖርማን ሳህኑን ገፋ አደረገና ተነሣ። አብረው ወደ አዳራሹ ሄዱ።

ሌስሊ ለበሩ ጀርባውን ሰጥቶ ይጫወታል። ሰምተውት የማያውቁት ረጅም ዜማ ነው። ዓይኖቹ መርፌዎቹ ላይ ተተክለዋል።

«ሌስሊ! እንነጋገር!» አለ ክሊፎርድ ከበሩ።

ሌስሊ አልዞረም።

«አንተን እኮ ነው! እኛ ሰው አይደለንም?»

ዜማው ቀጠለ። ክሊፎርድ ንዴት እንኳ አልተሰማውም። በግድግዳው ጥግ ጥግ ሄደና የስፒከሩን ገመድ መዥረጥ አድርጎ ነቀለው።

አዳራሹ ጭጭ አለ።

የሌስሊ ጣቶች ግን አልቆሙም። ቀስ እያሉ የዜማው መጨረሻ ላይ ደረሱ፣ አረፉም። ያኔ ዞር ብሎ አያቸውና ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለ።

«መቼ ገባችሁ?» አለ። «እንዴት ነው፣ አምሯል?»