በስድስት ቁጥር አንገትጌ ውስጥ

በአንዲት የስፔን ወደብ ከተማ፣ የእግር ኳስ ክለቡ የማይተካውን ተጫዋች የሚለይበት ዘዴ ቀላል ነበር። በየሳምንቱ አንዱ ተጫዋች ከሰው ሁሉ ትዝታ ይፋቃል። ቡድኑ ከተሸነፈ ይመልሱታል፤ ካሸነፈ ግን እንደተፋቀ ይቀራል።

የክለቡን ማልያ ቤቷ የምታጥበው ውብአለም፣ እሑድ ቀትር ላይ ስድስት ቁጥርን ስትገለብጥ አንገትጌው ውስጥ ጥቁር ማተብ ተሰፍቶ አገኘች። ዳኞች ሜዳ ላይ የአንገት ክር ስለሚከለክሉ፣ አንዲት እናት ደብቃ የሰፋችው መሆን አለበት። ስፌቱ ግን የራሷ ነበር። እስከምታስታውሰው ድረስ ወልዳ አታውቅም።

ባሏ ፈለቀ ከቴሌቪዥኑ ፊት ዘሎ ተነሳ።

«ሦስት ለባዶ! አየሽ ውቤ፣ ያለ እሱም አሸነፍን!»

«ያለ ማን?»

ፈለቀ ወደ ገበታው ዞሮ አየ። ለሁለታቸው ምሳ ሦስት ሳህን ደርድሮ ነበር።