የክርን ልክ

አናጢው ክንዴን አጠፍ ያደርግና ሜትሩን ከወለሉ እስከ ክርኔ ይዘረጋል። ከክርኔ ትንሽ ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ይጭራል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሰውን አቁሞ ሳይለካ እንጨት አይቆርጥም።

«ይኼ ያንቺ፣ የመክተፊያው። አሁን ቀጭኔውን ጥሪልኝ።»

ቀጭኔው ባሌ ነው። እዚህ በሰው አገር ያሉ የአገሬ ልጆች ሁሉ እንዲያ ነው የሚሉት፤ ያላስጎነበሰው በር የለም።

«የለም» እለዋለሁ።

«የት ሄዶ?»

«ሥራ።»

«በእሑድ ምድር?»

«እሑድ የሚበላ ሰው እሑድ ይሠራል። አንተስ መጥተህ የለ?»

«አይ ያንቺ አፍ!» ብሎ ይስቃል። ይሳቅ። ከሱ በፊት የነበረው አናጢ፣ የዚህ አገር ሰው፣ ኩሽናውን አፈራርሶ ስልኩን አጠፋ። ወገን ይሻላል ብዬ ይኼን ብጠራ፣ «ነገ» እያለኝ፣ ነገ ሲነጋ አጎት እየሞተበት ከረመ። አጎቶቹ ሲያልቁ ዛሬ መጣ። እስከዚያው ሰሃን የማጥበው ገላ መታጠቢያ ገንዳው ላይ ተንበርክኬ ነው። ሽንኩርት የምከትፈው አልጋዬ ጠርዝ ላይ፤ ትራሴ ሳይቀር ሽንኩርት ይሸታል። ለነገሩ በጀኝ። ጠዋት ዓይኔ አብጦ ያየ ሰው ሲጠይቀኝ፣ ሽንኩርቱ ነው እላለሁ።

«በይ ደውዪለት። ማጠቢያው ለሱ ነው አላልሽም? ወገቡን እያመመው?»

ብያለሁ። እኔ እከትፋለሁ፣ እሱ ያጥባል። እዚህ ተሠርቶ የሚሸጠው ማጠቢያ ለሱ ጭኑ ላይ ነበር የሚደርሰው፤ ሰሃን ባጠበ ቁጥር ማታ ወገቡን የማሸው እኔ ነበርኩ። ኩሽናው የፈረሰውም ለዚሁ ወገብ ነው። ወገቡ ሳይድን እግሩ ከቤት ወጣ። አልተጣላንም፤ ምነው በተጣላንና መታረቂያ በኖረን። አቧራው መሀል ቆሞ «ደከመኝ» አለ፣ ሻንጣውን አነሳ፣ በሩ ላይ ጎንበስ አለ፣ ሄደ።

ለማንም አልተናገርኩም። ለዚህ ሰው ብተነፍስ ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ያገር ልጅ ሁሉ ይሰማል። የሚያስፈራኝ ግን እሱ አይደለም። «ሁሉንም በእኔ ልክ ሥራው» ማለት አንድ ትንፋሽ ነው፤ ምላሴ ላይ ደርሷል። ካልኩት ግን፣ አይመለስም ብዬ የፈረድኩት እኔው ራሴ ነኝ።

«ስልክ አያነሳም» እላለሁ። «ልኩን እኔ አውቀዋለሁ።»

«የሰው ክርን በግምት? የተቆረጠ እንጨት አይቀጠልም እኮ፣ እህቴ!»

«በግምት ማን አለህ?»

ማጠቢያው ወደነበረበት እሄድና ከጎኑ፣ ሰሃን ተቀብዬ የማደርቅበት ቦታ እቆማለሁ። እሱ ሲፈትግ ክርኑ እዚህ ይገጨኝ ነበር፤ ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ። «ወደዚያ በል፣ ክንዴን አወለቅከው!» እለው ነበር። ጣቴን ክንዴ ላይ፣ እዚያው አኖራለሁ።

«እዚህ ጋ።»

አናጢው ሊስቅ ይጀምርና ይተወዋል። እሱ ያየውን እኔ የማየው ዘግይቼ ነው፤ ሰውነቴ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል፣ ለክርኑ ቦታ ለቅቆ።

ቀጭኔው የት እንዳለ ዳግም አይጠይቀኝም። ጠጋ ብሎ፣ ጣቴን ሳይነካ፣ በጣቴ ልክ ግድግዳው ላይ ቀጭን መስመር ያሰምራል።

«በቃ፣ ጭሬዋለሁ» ይላል ቀስ ብሎ። «ዘወር ማለት ትችያለሽ።»

ዘወር አልልም። እሱም እርሳሱን እንደያዘ፣ ወለል ወለሉን እያየ፣ ይጠብቀኛል።