ባዶ ሳጥን

ወጣቷ ባለሙያ ይህን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ለመፍጠር ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። በእሱ አማካይነት ማንም የጤና ባለሙያ ትልልቅ የቁጥር ሠንጠረዦችን በአማርኛ እያዘዘ ያሰላል። ከሁሉ የምትኮራበት ግን አንድ ሕግ አለ፤ ባዶ ሳጥን ያለበትን ረድፍ ቋንቋው ራሱ ይዘለዋል፣ ስሌቱ አይሰናከልም።

ዛሬ የኮሌራ መድኃኒት የጫኑ ሦስት መኪኖች ሞተር አስነስተው፣ የትኛው ወረዳ እንደሚቀድም የሚነግራቸውን ዝርዝር እየጠበቁ ከአዳራሹ ደጅ ቆመዋል። "ቶሎ በይ እንጂ ልጄ፣ ሰው እያለቀ ነው!" አሏት የጤና ቢሮው ኃላፊ። የየወረዳውን ሪፖርት አስገባችና "በሟች ብዛት ደርድር" ብላ ጻፈች። ዝርዝሩ ከመቅጽበት ወጣ። አዳራሹ አጨበጨበ። ኃላፊው ወረቀቱን ነጥቀው ወጡ፤ ወዲያው መኪኖቹ ሲንቀሳቀሱ ተሰማ።

ከኋላ ወንበር አንዲት አቧራ የለበሰች ነርስ ተነሣች።

"የእኛ ወረዳስ?"

ባለሙያዋ በኮምፒውተሯ ላይ ከላይ እስከ ታች ፈለገችው፤ የለም።

"ምናልባት ሪፖርት አልላካችሁም ይሆናል፣ እህቴ።"

"ኧረ ልከናል! አራት መቶ ሕመምተኛ ብለን ልከናል። የሟቾቹን ሳጥን ብቻ ነው ባዶ የተውነው።"

"እሱን ለምን ተዋችሁት?"

ነርሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"ሟች የሚመዘግብልን ዳምጤ ነበር። ሰኞ ዕለት እሱንም ቀበርነው።"