«አባቴ ‹አቁሙ› እያለ ነው»

«ሰሙት አይደል ዶክተር? በገዛ አፉ እየነገራችሁ ነው...»

ኩኒዮ አባቱ አልጋ ራስጌ ቆሟል።

አባትየው ገንዛቡሮ ዘጠናን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። የሳንባ ምች ጥሏቸው ሆስፒታል ከገቡ ሰንብተዋል።

ምግብ አይወርድላቸውም... ያቆያቸው ግሉኮሱና መድኃኒቱ ነው።

ደረቅ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ቶሜ... ቶሜ...»

በጃፓንኛ ይሄን ለሰማ ሰው ቶሎ የሚመጣለት «አቁሙ... ይብቃ» የሚለው ነው።

«ይኸው!» አለ ኩኒዮ። «ደክሞታል። አታሰቃዩት... ንቀሉለት።»

ዶክተሩ ትንሽ አሰበና...

«ሌላ የምናማክረው ቤተሰብ አለ?»

«ማንም የለም። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት።»

«እንግዲያው ነገ ከሰዓት በኋላ እናቆማለን።»

ሪትሱኮ የምትባል ወጣት ነርስ ይሄን ሁሉ ቆማ ትሰማለች። ነገሩ ግን አልዋጥላት አለ።

ጠዋት ጠዋት ሽማግሌውን የምታጥባቸው እሷ ናት። «ቶሜ» ሲሉ ፊታቸው ላይ የሕመም ጭንቀት አይታይም።

ዓይናቸው የሚሄደው ወደ በሩ ነው...

«ዶክተር፣ ሰው የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት» አለችው ኮሪደር ላይ።

«ሪትሱኮ፣ ከልጃቸው በላይ እኛ እናውቃቸዋለን?»

ምን ትመልስ? ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ወደ እኩለ ቀን ግድም አንዲት አሮጊት በረዶ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ከአውቶቡስ ወርዳ መጣች። በጨርቅ የተቋጠረ የሩዝ ገንፎ ይዛለች።

«እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለቻት ሪትሱኮ።

«ገንዛቡሮን... ልጁ ነኝ።»

«ልጃቸው? አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው ያላቸው ተብለን ነበር እኮ።»

«ማነው ያላችሁ?»

«ልጃቸው... ኩኒዮ።»

«ወንድሜ በደወልኩ ቁጥር ‹አባባ ደህና ነው፣ ቤት ነው ያለው› ይለኛል። መታመሙን ዛሬ ጠዋት ጎረቤት ናት የነገረችኝ...»

«ስምዎትን ማን ልበል እማማ?»

አሮጊቷ አንገቷን ደፋ አደረገች። ይሄን ስም ለወጣት መናገር ያሳፍራታል።

«ቶሜ» አለች።

ሪትሱኮ ክው አለች...

እንዲህ የሚባል ሰው አጋጥሟት አያውቅም። የእሷ እኩዮች ሚሳኪ ናቸው፣ አያካ ናቸው። ዛሬ ልጁን ቶሜ የሚል ወላጅ ከየት ይመጣል?

«አትፍረጂብኝ ልጄ» አለች አሮጊቷ። «ድሮ በየሰፈሩ ነበርን። ሴት በሴት ላይ ሲደራረብ የመጨረሻዋን ቶሜ ይሏታል... ሴት እዚህ ላይ ይብቃን ለማለት። እህቶቼ ሁሉ አልቀዋል። ከእኔ ቀጥሎ ኩኒዮ ተወለደና አገር ምድሩ ደስ አለው።»

ሪትሱኮ እስክትጨርስ አልጠበቀችም። ክንዷን ይዛ እየጎተተች ወደ ክፍሉ አስገባቻት።

ሽማግሌው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው።

«ቶሜ...»

«አለሁ አባባ።»

ዓይናቸው ተገለጠ።

አዩዋት... እጇን ያዙ... አለቀቁም።

ከዚያ ወዲያ ተረጋጉ። መጣራቱም ቀረ።

ሪትሱኮ ዶክተሩን ጠርታ የአሮጊቷን ስም ስትነግረው እየሮጠ መጣ። ቆሞ አያቸውና ግንባሩን ያዘ። «ምንም ነገር እንዳይነቀል» አለ።

ብዙም ሳይቆይ ኩኒዮ መጣ። እህቱን ሲያይ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«እትዬ... ማን ነገረሽ?»

«እኔን እንደሚጠራ ታውቅ ነበር?»

ኩኒዮ ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዞረ።

«ኩኒዮ፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ ነኝ። ስሜን ረሳሁት እንዳትለኝ።»

«አልረሳሁም» አለ። «አብሬው የኖርኩት እኔ... ሽንት ቤት የማደርሰው እኔ... አንድ ቀን ኩኒዮ ብሎ አይጠራኝም። ጠዋት ቶሜ፣ ማታ ቶሜ... ሰለቸኝ።»

«ሰለቸህና ልትገድለው?»

ኩኒዮ መሬት መሬት እያየ ወጥቶ ሄደ።

እኔ እዚህ ጋ ነው ደሜ የሚፈላው።

እሺ፣ ደከመህ... ቀናህ... ሰው ነህ። ለእህትህ ደውለህ «ተራሽ ነው፣ ውሰጂው» ማለት ምን ይከብዳል?

አባት ልጁን ሲጠራ «ግደሉኝ እያለ ነው» ብሎ መተርጎም ግን... ለዚህስ ስም አላገኘሁለትም።

ሽማግሌው አገገሙ። የቶሜን ገንፎ ከእጇ መዋጥ ጀመሩ። ቤቷ ወሰደቻቸው። በረዶው ቀልጦ የሩዝ ችግኝ ሲተከል በመስኮት እያዩ ከረሙ... በጋ ሲገባ በሰላም አረፉ።

ለቀብሩ ኩኒዮ መጣ። ደጅ ላይ ቆሞ መግባት ፈራ።

ቶሜ ወጥታ አየችው።

«ጫማህን አውልቅና ግባ» አለችው። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

እኔ ብሆን አላስገባውም ነበር። እውነቴን ነው።

ወዳጆቼ፣ አቅም ያጣ ሰው ቃል እኛ እጅ ላይ ይወድቃል። እንደተመቸን ብንተረጉመው ተነስቶ አይከራከረንም። ስለዚህ «እንዲህ እያለ ነው» ከማለታችን በፊት፣ የምናወራው የእሱን ፍላጎት ነው ወይስ የራሳችንን?

«ሴት ይብቃን» ተብሎ ስም የወጣላት ልጅ እኮ ናት በመጨረሻ የደረሰችላቸው...

እናንተ በቶሜ ቦታ ብትሆኑ ኩኒዮን ታስገቡት ነበር? ወይስ ከደጅ ትመልሱት ነበር? ከነምክንያታችሁ ጻፉልኝ... አነባለሁ።