የአባቱ ኮት

አብነት ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ለሚወስደው የክረምት የምህንድስና ትምህርት ከመቱ ከተማ ሲመጣ፣ ብርዱን ፈርቶ የአባቱን ኮት ደርቦ ነበር። ክፍል ሲገባ ተማሪው ሁሉ ብድግ አለለት።

«ኧረ በእግዜር!» አለ ደንግጦ።

ተቀምጠው ደብተራቸውን ገለጡ። «ተማሪ ነኝ» ሊል ሲል አንዷ ልጅ ጠመኔ አቀበለችው። ምን ያድርግ? ከባድ ድንጋይ በዘንግ እንዴት እንደሚፈነቀል እየሳለ፣ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ አስረዳ።

ተማሪዎቹ ለእረፍት ሲወጡ፣ ዘግይተው ገብተው ከኋላ ወንበር ሲጽፉ ወደነበሩት ሽበታም ሰው ተጠጋ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ተማሪ ነኝ። ምን ይሻለኛል?»

ሰውየው ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አውቃለሁ ልጄ፤ መምህሩ እኔ ነኝ። ግን እባክህ ጨርስልን፤ ገና አሁን እየገባኝ ነው።»