እናቴን የማናግርበት ኤጀንሲ

ከሰባት ዓመት በፊት ሕጉ ከወጣ ወዲህ ልብስ ሰፊና ደንበኛ ስለ ሥራ የሚነጋገሩት በኤጀንሲ በኩል ብቻ ነው። አንዲት ቃል በቀጥታ ቢለዋወጡ ሰፊው ፈቃዱን ይነጠቃል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የዛሬዋ ደንበኛዬ ደግሞ እናቴ ናት።

እማዬ ለእህቷ ልጅ ሰርግ የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳ ሳሎናችን መሃል ቆማለች። እኔ እግሯ ሥር ተንበርክኬ ጫፉን በስፒል እይዛለሁ። የኤጀንሲው መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ያዳምጠናል፤ የአንዳችንንም ቃል ለሌላችን ያስተላልፋል።

"ንገራት፣" አለችው እማዬ መሣሪያውን፣ "ባለፈው የሰፋችልኝን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን መስገድ አቅቶኝ ነበር!"

"ደንበኛዋ ሰፋ ያለ ልኬት ይመርጣሉ፣" አለኝ መሣሪያው።

"አትወዛወዢ በልልኝ፤ ስፒል ይወጋታል፣" አልኩት።

"ባለሙያዋ ትብብርዎን በትሕትና ይጠይቃሉ።"

"በትሕትና? እሷ?" አለች እማዬ። "የሌላ ሰው ልጅ መሆን አለባት።"

ጨርሼ ወደ መስተዋቱ አዞርኳት። ራሷን ከላይ እስከ ታች አየች። ስፌት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ምስጋናዋ ሁልጊዜ የሚደርሰኝ "ደንበኛዋ ረክተዋል" ተብሎ ነበር። አሁን ግን ዞራ ጉንጬን በሁለት እጆቿ ያዘችና፣

"እጅሽ ይባረክ፣ ረድኤቴ፣" አለችኝ።

መሣሪያው ላይ ቀይ መብራት በራ። "ቀጥተኛ ንግግር ተመዝግቧል። ምርቃቱ ስለ ቀሚሱ ነው?"

ፈቃዴ አበቃለት ብዬ ደነገጥኩ። እማዬ ግን ጉንጬን አልለቀቀችም።

"ስለ ልጄ ነው፣" አለችው።

የመሣሪያው ቀይ መብራት ጠፋ።

"ይቅርታ፣ ለእሱ ቅጽ የለንም።"