ሻኛ ያለው ባቄላ

በሬ ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ቅርጫ ግን አልቀረም። ዘንድሮም የሰፈሩ ሰዎች ለፋሲካ በሬ የሚያህል አንድ ፍሬ እሸት ባቄላ በጋራ አስመጥተው ኮባ ቅጠል ላይ አጋደሙት። የቅርጫው አከፋፋይ ጋሽ ወንድራድ እንደ ልማዳቸው ቢላዋቸውን ሞረዱ፣ "በስመ አብ" ብለው ሸነሸኑት፤ አሥር መደብ አድርገውም ደለደሉት።

ዕጣ ወጣ። ሰው ሁሉ ድርሻውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ሊያመራ ሆነ። ምን ይባላል? አጥንት የበዛበት የለ፣ ጨጓራ ያነሰው የለ፤ አሥሩም መደብ ያው ባቄላ ነው። ጋሽ ወንድራድ ሆዳቸው ባባ። በበሬው ዘመን ያለ ጭቅጭቅ የተበተነ ቅርጫ አይተው አያውቁም።

"ቆይ እስቲ" አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "ይቺ ጥቁሯ ዓይኑ ያለችበት ቦታ ሻኛው መሆኗን መቼም ታውቃላችሁ?"

"ለማን ደረሰች?" አለ ጎልማሳው መንበሩ ደንግጦ።

"ለእትዬ ጥሩሰው።"

ያን ጊዜ ሰፈሩ ቀውጢ ሆነ። መንበሩ ዕጣው ይደገም ብሎ ጮኸ፤ ሌላው "ድሮም አድልዎ አለ!" አለ፤ ሁለት ጎረቤታሞች ሊተናነቁ ምንም አልቀራቸውም። እትዬ ጥሩሰው ግን ሻኛቸውን በነጠላቸው ከልለው ጫፏን ቆረሱና አላመጡ።

ጫጫታው ቆመ። "እንዴት ነው?" አለ መንበሩ።

"ጮማ!" አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ሰው ሁሉ ምራቁን ዋጠ። ሻኛውን የፈለሰፉት ጋሽ ወንድራድ እንኳ ዋጡ።